ሥዕል የገዛው የኩላሊት ማሽን፦ የኪንቶር መንደር ጉዳይ

ኖቬምበር 11 ቀን 2000 ሲድኒ ውስጥ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ የሥዕል ጋለሪ፣ ጨረታ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ደጋግሜ አልጽፈውም።) ከቀረቡት ሥራዎች መካከል አራት ትልልቅ ሸራዎች ነበሩ። እያንዳንዳቸውን ብዙ ሰው ዙሪያውን ተቀምጦ፣ ተጋግዞ ነው የሣላቸው። ሁለቱ ኪንቶር ከምትባል የበረሃ መንደር የመጡ ናቸው፤ አንዱ የወንዶቹ፣ አንዱ የሴቶቹ። ሁለቱ ደግሞ ኪዊርኩራ ከምትባለው ጎረቤቷ፣ እንደዚሁ ወንድና ሴት ለየብቻ። «ጎረቤት» ስላችሁ በመካከላቸው ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ አሸዋ አለ፤ በዚያ አገር ይህ ቅርብ ነው።

ማታውን ከአንድ ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ሠዓሊዎቹ ገንዘቡን ለራሳቸው አልፈለጉትም። የኩላሊት እጥበት ወደ መንደራቸው ሊያስገቡበት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። አውስትራሊያ እኮ ነው። ሜዲኬር የሚባል፣ ዜጋውን ሁሉ የሚያሳክም መድን ያለው ሀብታም አገር። እንዲህ ያለ አገር ውስጥ ሕመምተኞችና ዘመዶቻቸው ሥዕል ሸጠው ሕክምና መግዛት ለምን አስፈለጋቸው? ይህን ለመመለስ ወደ ኋላ ብዙ መሄድ አለብን፣ እስከ ሮኬት ሙከራው ድረስ።

በመጀመሪያ ቦታው። ኪንቶር ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ወደ ምዕራብ 530 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ መንገዱ አብዛኛው ኮረኮንች ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ይዘጋል። 400 ያህል ሰው ይኖርባታል። ሕዝቡ በአብዛኛው ፒንቱፒ ይባላል፤ ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች (አቦሪጅኖች) አንዱ ነው፣ የምዕራቡ በረሃ ሰዎች ናቸው። ከጎኗ ተራራ አለ። በ1889 ቲትኬንስ የሚባል አሳሽ በግመል መጥቶ ሰንሰለቱን በደቡብ አውስትራሊያ አገረ ገዥ ስም ኪንቶር አለው፣ ተራራውንም ማውንት ላይዝለር ብሎ ሰየመ። ቦታው ግን ድሮውንም ስም ነበረው፦ ዋሉንጉሩ። ነዋሪዎቹ መንደሩንም ዛሬ ዋሉንጉሩ ነው የሚሉት።

በፒንቱፒ ቋንቋ «ንጉራ» የሚል ቃል አለ። ትናንት ማታ እሳት አንድደህ ያደርክበት ቦታ ንጉራ ነው። ቤትህም ንጉራ ነው። የአያቶችህ ምድርም ንጉራ ነው። ለፈረንጆቹ ይህን ቃል መተርጎም ፈተና ነው፤ እኛ ግን «አገር ቤት» ስንል ቀረብ እንላለን። «አገሬ ልግባ» ያለ ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ለማንም ማብራራት የለበትም። የኪንቶር ታሪክ በሙሉ ይህቺው ናት፤ አገሬ ልግባ የሚሉ ሰዎችና «ሩቅ ነው፣ አይሆንም» የሚል መሥሪያ ቤት።

ስለ ስሞቹም አንድ ነገር ላስቀድም፣ ካልሆነ ያደናግራሉ። ጃፓልጃሪ፣ ጃምፒጂንፓ፣ ጁፑሩላ የመሳሰሉት የአባት ስም አይደሉም። ሕዝቡ በስምንት ወገን የተከፈለ ነው፤ የወንዶቹ መጠሪያ በ«ጀ» ድምፅ ይጀምራል፣ የሴቶቹ በ«ነ»። አንድ የማታውቀው ሰው ወገኑን ሲነግርህ ወንድምህ ይሁን አማችህ፣ ልጁን ማግባት ትችል አትችል እዚያው ይገባሃል። እኛ ሰባት ቤት ቁጠሩ እንባላለን፣ እነሱ ቆጠራውን ስሙ ውስጥ አስገብተውታል። ሌላም አለ፦ ሰው ሲሞት ስሙ ለረጅም ጊዜ አይጠራም። ተመሳሳይ ስም ያለው ሰው ካለም ሌላ መጠሪያ ይሰጠዋል። ከዚህ በታች ስም የቆጠብኩት ለዚህ ነው፤ የማነሳቸው ጥቂቶቹ በዓለም የታወቁ ሠዓሊዎች ናቸው።

አሁን ወደ ሮኬቱ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝና አውስትራሊያ ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ዉሜራ በሚባል ቦታ የሮኬት መሞከሪያ ሠሩ። የሮኬቶቹ አቅጣጫ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው፣ በበረሃው ላይ። ካርታ ላይ ባዶ ቦታ ይመስላል። ባዶ ግን አልነበረም፤ ቤተሰቦች ከአንዱ የውሃ ጉድጓድ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ፣ የሣር ፍሬ እየፈጩ፣ እንሽላሊት እያደኑ ይኖሩበት ነበር። ለሮኬቱ ሥራ ሲባል ሌን ቢድል የሚባል ቀያሽ ከጥቂት ሰዎችና ከግሬደር ጋር ገብቶ በበረሃው ውስጥ በሺዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር መንገድ ቀደደ። ኪንቶር አካባቢ የሚያልፈው በ1960 የተሠራው «ሳንዲ ብላይት ጃንክሽን» መንገድ ነው። ስሙ የመጣው ከቢድል የዓይን ሕመም ነው፤ ሳንዲ ብላይት የአካባቢው ሰው ለትራኮማ የሰጠው ስም ነው፣ ዓይን ውስጥ አሸዋ የተበተነ ስለሚመስል። ትራኮማ ለአበሻ አንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልግም።

መንገድ ሲኖር መኪና ይመጣል። ከ1957 እስከ 1964 የመንግሥት የማኅበራዊ ድጋፍ ክፍል ሠራተኞች ወደ ፒንቱፒ ምድር ተደጋጋሚ ጉዞ አደረጉ። ብዙ ቤተሰብ በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ምሥራቅ ወጣ። በግድ ብቻ ነው እንዳልል፣ እውነቱ ድብልቅ ነው። በዚያን ጊዜ ከባድ ድርቅ ነበር። ቀደም ብለው የወጡ ዘመዶች ነበሩ፣ ሰው ደግሞ ዘመዱን ይከተላል። ዱቄት፣ ስኳር፣ ሻይ በነፃ ይሰጣል ተባለ። ብዙዎቹ ልንጠይቅ ሄደን እንመለሳለን ብለው ነው የተሳፈሩት። የሚመልሳቸው መኪና አልነበረም።

የተወሰዱት ፓፑንያ ወደምትባል ሰፈራ ነው፣ ከአሊስ ስፕሪንግስ ሰሜን ምዕራብ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ። ፓፑንያ የተከፈተችው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ቀደም ሲል ራሽን የሚታደልበት ሃስትስ ብላፍ ውሃው ስላልበቃ። ሐሳቡ «እንደ ነጭ እንዲኖሩ ማሠልጠን» ነበር። በትልቅ የጋራ ምግብ ቤት ተሰልፈው ይበላሉ፣ ሥራ ይመደብላቸዋል፣ አለቃው ነጭ ነው። አምስት ቋንቋ የሚናገሩ ሕዝቦች፣ ፒንቱፒ፣ ሉሪጃ፣ ዋርልፒሪ፣ አንማቲየርና አረርንት፣ አንድ ላይ ተጨናነቁ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የከብት እርባታ ባለቤቶች ለነባር ሕዝብ እረኞች እኩል ደመወዝ ክፈሉ ሲባሉ ብዙዎቹን አባረሯቸው፣ እነሱም ከነቤተሰባቸው ወደ ሰፈራዎቹ ገቡ። በ1970 ገደማ ፓፑንያ ከ1,000 ሰው በላይ ነበራት።

ከ1962 እስከ 1966 ባሉት ዓመታት ብቻ 129 ሰው ሞተ። ከነዋሪው አንድ ስድስተኛ ገደማ ማለት ነው። ሄፓታይተስ፣ ማጅራት ገትር፣ የመሳሰለው፤ አብዛኛው መታከም የሚችል በሽታ። እንግዲህ ለደኅንነታቸው ብለን አመጣናቸው የተባሉት ሰዎች ናቸው እነዚህ።

ፒንቱፒዎች መጨረሻ የመጡ ስለሆኑ ሌሎቹም ዝቅ አድርገው ያዩአቸው ነበር፣ ገና ከጫካ የወጡ እየተባሉ። ሰፈራቸውን የተከሉት በመንደሩ ምዕራብ ዳር ነው። ምዕራብ የሆነው አለ ምክንያት አይደለም፣ አገራቸው በዚያ በኩል ነዋ።

ሥዕሉ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ1971 ጄፍሪ ባርደን የሚባል ወጣት የሥዕል መምህር ፓፑንያ ትምህርት ቤት ተመደበ። ልጆቹ አሸዋ ላይ የሚሥሉትን ምልክት ክፍል ውስጥም እንዲሥሉት ያበረታታቸው ነበር። ከዚያ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሥዕል ይሣል ተባለ። ነገሩን ልጆቹ አልጨረሱትም፤ ሽማግሌዎቹ ገቡበት። ምክንያቱም ማንኛውም ሰው የፈለገውን ታሪክ መሣል አይችልም፤ ታሪኩ ባለቤት አለው፣ ባለቤቱ መፍቀድ አለበት። ፓፑንያ የማር ጉንዳን ቦታ ናት፤ ሆዷ በማር የተነፋ ጉንዳን፣ ሴቶች ቆፍረው የሚያወጧት ጣፋጭ ነገር። የቦታው ባለቤት ፈቀደ፣ እነ ካፓ ጃምፒጂንፓ በግድግዳው ላይ የማር ጉንዳንን ጉዞ ሣሉ። በነጮች ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የራሳቸው ሕግ ተጻፈ ማለት ይቻላል። (ከጥቂት ዓመት በኋላ ግድግዳው በሌላ ቀለም ተሸፈነ። ዛሬ ቢኖር ዋጋውን አስቡት።)

ከዚያ በኋላ ማቆም አልተቻለም። ያገኙት ነገር ላይ ሁሉ ሣሉ፦ የጣውላ ቁራጭ፣ የፍራፍሬ ሳጥን ክዳን፣ የወለል ንጣፍ። በ1972 «ፓፑንያ ቱላ» የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። ባለአክሲዮኖቹ ራሳቸው ናቸው። ይህቺን ያዙልኝ፣ ወደኋላ ትጠቅመናለች።

አሁን ፒንቱፒዎቹ ምን እንደሣሉ ተመልከቱ። የሚኖሩባትን ፓፑንያን አይደለም። ብዙ ዓመት ያላዩአቸውን ቦታዎች ነው፤ ይህ የውሃ ጉድጓድ፣ ያ የጨው ሐይቅ፣ ቲንጋሪ የሚባሉት አባቶች በጥንት ጊዜ የተጓዙበት መስመር። ክቡ ቦታ ነው፣ መስመሩ መንገድ። ፈረንጅ ሳሎኑ ላይ ሰቅሎ «ዘመናዊ ሥነ ጥበብ» ይለዋል፤ ለእነሱ ግን ይዞታ ነው፣ ማስረጃ ያለው ይዞታ። ይህ መሬት የእኔ ነው፣ ታሪኩን አውቃለሁ፣ ስለዚህ መሣል እችላለሁ። የሌላውን ሰው ቦታ የሣለ ሰው ጠብ ያስነሳል። መጀመሪያ ላይ ለሴትና ለልጅ መታየት የሌለባቸው ነገሮችም ተሥለው ስለነበር ከሌሎች ሕዝቦች ከባድ ቁጣ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ምስጢሩ እየተደበቀ፣ ነጠብጣቡ እየበዛ ሄደ።

ገንዘቡ ግን የማን ሆነ? ጆኒ ዋራንኩላ ጁፑሩላ በ1972 አንድ የዝናብና የውሃ ሥዕል ሣለ፤ ያኔ የተሸጠው በ150 ዶላር ነው። በ1997 ጨረታ ላይ 206,000 ዶላር አወጣ። በ2000፣ ልክ ያ የኩላሊት ጨረታ በተካሄደበት ዓመት፣ ያው ሥዕል እንደገና ተሸጠ፤ 486,500 ዶላር። ሠዓሊው ያኔ በሕይወት ነበር። ሕጉ ከዚህ ምንም አይሰጠውም ነበር። ሥዕል ድጋሚ ሲሸጥ ለሠዓሊው 5 በመቶ እንዲከፈል የሚያዝዘው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በ2010 ነው፤ ጆኒ በ2001 ሞቷል።

ወደ አገር መግባቱን እንመልከት። በ1973 ወደ 300 የሚሆኑ ፒንቱፒዎች ከፓፑንያ ተነስተው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ፣ ያያዪ የሚባል ቦታ ሰፈሩ። አገራቸው ገና ሩቅ ነው፣ ግን ቢያንስ ከዚያ ጫጫታ ወጡ። በ1976 ኪንቶር ባለችበት ክልል፣ በሰሜን ግዛት፣ የነባር ሕዝብ የመሬት መብት ሕግ ወጣ። በ1981 ደግሞ ዋሉንጉሩ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃ ወጣ፣ ሰዉም ጠቅልሎ ገባ። ኪንቶር ተባለች። መጀመሪያ ላይ ክሊኒክ የለም፣ ሱቅ የለም፣ መጠለያው ሸራና ቆርቆሮ ነው። ይህን ሁሉ ሥዕል ነው የከፈለው ብል እዋሻለሁ፤ ጉድጓዱም ሌላውም በአብዛኛው የመንግሥት ገንዘብ ነው፣ ሥዕል ያኔ ብዙም አያወጣም ነበር። ግን የሥዕሉ ገንዘብ መኪና ይገዛል፣ ቤንዚን ይሞላል፤ መኪና ከሌለህ ደግሞ ያ አገር አገርህ አይደለም፣ አትደርስበትም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌሎቹ ከዚያም አልፈው የምዕራብ አውስትራሊያን ክልል ድንበር ተሻግረው ኪዊርኩራን መሠረቱ።

በ1984 ከኪዊርኩራ አካባቢ አንድ ነገር ሆነ። ከማኬይ ሐይቅ ምዕራብ ዘጠኝ ሰዎች፣ ሁለት እናቶችና ልጆቻቸው፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በጥንቱ ኑሮ ሲዘዋወሩ ቆይተው ከዘመዶቻቸው ጋር ተገናኙ። ዘመዶቻቸው በመኪና ዱካቸውን ተከትለው ነው ያገኟቸው። ጋዜጦቹ «የጠፋው ጎሣ ተገኘ» ብለው ጻፉ። ማን ጠፋ? እነሱ አገራቸው ላይ ነበሩ፤ የወጡት ሌሎቹ ናቸው። ከዘጠኙ አንዱ ዋርሊምፒርንጋ ጃፓልጃሪ በኋላ ታዋቂ ሠዓሊ ሆኖ በ2012 ካሰል፣ ጀርመን፣ በታላቁ ዶኩሜንታ ዐውደ ርዕይ ሥራው ታየ። ከልጃገረዶቹ አንዷ ዩኩልቺ ናፓንጋቲ በ2018 በአውስትራሊያ ትልቅ የሆነውን የዊን የመልክዓ ምድር ሥዕል ሽልማት ወሰደች።

ሴቶቹ ወደ ሥዕሉ በስፋት የገቡት በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፣ ከወንዶቹ ሃያ ዓመት ዘግይተው። ከነሱም ማኪንቲ ናፓናንካ ሉፑል ስለሚባል የውሃ ቦታና ስለ ሁለት ሴቶች ጉዞ የምትሥለው፣ በወፍራም መስመር፣ እንደተንጠለጠለ የጸጉር ክር፣ በኔ ዓይን ከሁሉም ይበልጣል። በ2008 ብሔራዊውን የነባር ሕዝቦች የሥነ ጥበብ ሽልማት አሸንፋለች። ያኔ እርጅና ተጭኗት ነበር።

አገር ገቡ፣ ሥዕሉም ዋጋ አወጣ፣ ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ኩላሊት መጣ።

ለምን ኩላሊት? አንድ ምክንያት የለውም። በእርግዝና ጊዜ የተጎዳች እናት ቀላል ክብደት ያለው ልጅ ትወልዳለች፣ ያ ልጅ ሲወለድም ኩላሊቱ አቅመ ደካማ ነው። በተጣበበ ቤት ውስጥ የቆዳ ቁስልና የጉሮሮ ኢንፌክሽን ይመላለሳል፤ ባክቴሪያው ኩላሊትን ይጎዳል። ከዚያ ዱቄት፣ ስኳር፣ ለስላሳ፣ ከዚያ ስኳር በሽታና ደም ግፊት። ራሽኑ በ1950ዎቹ ዘርቶት የነበረውን በ1990ዎቹ አጨዱት ማለት ነው።

ኩላሊት ሥራውን ሲያቆም በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት አምስት ሰዓት ማሽን ላይ መቀመጥ ነው። ማሽኑ ያለው አሊስ ስፕሪንግስ። ስለዚህ የኪንቶር ሰው ከታመመ ከተማ ገብቶ እዚያው መቅረት አለበት። የሳምንት ወይም የወር ጉዳይ አይደለም፣ እስኪሞት ድረስ። ዘመድ ከሌለው ወንዙ ዳር ያድራል። ሰው ሞቶ ለቅሶ መድረስ አይችልም፤ ከማሽኑ ጥቂት ቀን ከተለየ ራሱ ይሞታል። አንዳንዱ ይህን እያወቀ ማሽኑን ጥሎ ሄዷል። ቤቴ ልሙት ብሎ።

እዚህ ላይ ፓፑንያን አስታውሱ። ዓመታት ሙሉ ወደ ምዕራብ ለመመለስ የታገሉ ሰዎች አሁን ደግሞ ሽማግሌዎቻቸው አንድ በአንድ ወደ ምሥራቅ እየተወሰዱ ነው። ሽማግሌው ሲሄድ ታሪኩ አብሮ ይሄዳል፤ ለልጁ ቦታውን ቦታው ላይ ቆሞ የሚያሳየው የለም። ቤተሰቡም ሊያስታምም ይከተላል፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ መጠጡ አለ፣ ጠቡ አለ። አንድ ሰው ታሞ ግማሽ መንደር ይፈርሳል።

መንደሩ ማሽኑን እዚህ አምጡልን አለ። መልሱ አይሆንም ነበር፤ ሩቅ ነው፣ ውድ ነው፣ አደገኛ ነው። በቅንነት ካየነው መከራከሪያው ባዶ አይደለም። አንድ እጥበት ብቻ ከ100 ሊትር በላይ በልዩ ማጣሪያ የተጣራ ውሃ ይፈልጋል፤ የበረሃ ጉድጓድ ውሃ ደግሞ በማዕድን የተሞላ ነው። መብራት መቆራረጥ የለበትም። የሠለጠነ ነርስ ያስፈልጋል፣ ነርሷ ደግሞ ቤት ትፈልጋለች። ማሽን ቢበላሽ ጠጋኙ 500 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን ማንም ቁጭ ብሎ «እንዴት ቢሆን ይቻላል?» አላለም። ያንን ጥያቄ የጠየቁት በሽተኞቹ ናቸው።

ድርጅታቸው የራሳቸው መሆኑ የጠቀመውም እዚህ ላይ ነው። ፓፑንያ ቱላ የአንድ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ማን ለኩላሊት ብሎ ጨረታ ያወጣ ነበር? ባለአክሲዮኖቹ የታማሚዎቹ ወንድምና እህት ናቸው፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው ታማሚ ናቸው። ሥዕላችንን እንሽጥ አሉ፣ ሸጡ። የሣሉት ደግሞ ያንኑ ሊመለሱበት የፈለጉትን ቦታ ነው። መሬቱን ሥለው፣ ሥዕሉን ሸጠው፣ መሬቱ ላይ መኖርን ገዙ። ይህንን ሳስብ ሁሌ የሚደንቀኝም የሚያናድደኝም አንድ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሥዕል የማይሥል መንደርስ?

ገንዘቡ ከተገኘ በኋላም ነገሩ ወዲያው አልሆነም። የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ፤ ስሙ ረጅም ነው፣ ትርጉሙ «ቤተሰባችንን ሁሉ ደህና ማድረግ» እንደ ማለት ነው። ሰዉ ግን አሊስ ስፕሪንግስ ያለውን ቤታቸውን ቀለሙን አይቶ «ሐምራዊው ቤት» ይለዋል። ሥራውን ሣራ ብራውን የምትባል ነርስ መራችው፤ አለቆቿ፣ ማለት የቦርዱ አባላት፣ የመንደሮቹ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው እጥበት ኪንቶር ውስጥ የተደረገው በ2004 ነው። ዘመቻውን ከጀመሩት መካከል ይህን ሳያዩ ያለፉ ነበሩ።

ሐምራዊው ቤት እንደ ክሊኒክ ብቻ አይታይም። ግቢው ውስጥ እሳት አለ፣ የካንጋሮ ጅራት ይጠበሳል፣ ሰዉ መሬት ላይ ተቀምጦ ያወራል። ከበረሃ ቅጠል የሚሠራ ቅባት አዘጋጅተው ይሸጣሉ። እዚያ የምትታጠበው አሮጊት «ታካሚ ቁጥር ስንት» አይደለችም፣ የእገሌ አያት ናት። ይህ ለጌጥ አይደለም፤ ሰው ሲመቸው ነው ቀጠሮውን የሚያከብረው፣ እጥበት ደግሞ ቀጠሮ ያልተከበረበት ዕለት ይገድላል።

ከዚያ ድንበሩ መጣ። በ129ኛው ዲግሪ ላይ ካርታ የሠራ ሰው ያሰመረው ቀጥ ያለ መስመር አለ፤ ኪንቶር ከዚህ ወዲህ በሰሜን ግዛት ናት፣ ኪዊርኩራ ከወዲያ በምዕራብ አውስትራሊያ። አሸዋው ላይ መስመሩ አይታይም፣ ቤተሰቡ አንድ ነው። በ2009 አካባቢ አሊስ ስፕሪንግስ ያለው የኩላሊት አገልግሎት ሞልቶ ነበርና ከሌላ ክልል አዲስ ታማሚ አልቀበልም ተባለ። ስለዚህ የኪዊርኩራ ሰው ዘመዶቹ ያሉበትን አሊስ ስፕሪንግስን ትቶ ወደ ራሱ ክልል ከተሞች ይሂድ። ዋና ከተማው ፐርዝ በአየር እንኳ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ዝነኛ ሠዓሊ የሆኑ ሽማግሌ ጭምር በዚህ መሃል ተይዘው ተንገላተዋል፤ ሥዕላቸው ጋለሪ ውስጥ ተሰቅሎ፣ እሳቸው የሚታጠቡበት ወንበር ተከልክለው። ብዙ ክርክርና ብዙ ደብዳቤ ፈጀ።

ፖለቲካውም አልተኛም። በ2007 የፌዴራል መንግሥት በሰሜን ግዛት የነባር ሕዝብ መንደሮች ላይ «የአስቸኳይ ጊዜ» እርምጃ ሲያውጅ፣ የዘር መድልዎ ሕጉን ሳይቀር አግዶ የሰዉን ድጎማ ግማሹን ሲቆጣጠር፣ ኪንቶር እርምጃው ውስጥ ነበረች፣ ኪዊርኩራ ከመስመሩ ማዶ ስለሆነች አልነካትም። ያው አንድ ቤተሰብ። በ2015 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ አቦት ስለ ምዕራብ አውስትራሊያ ሩቅ መንደሮች ሲናገር፣ ሰዎች ለመረጡት አኗኗር ግብር ከፋዩ ማለቂያ የሌለው ወጪ ሊሸከም አይገባም አለ። የመረጡት! በ1950ዎቹና 60ዎቹ በመንግሥት መኪና ተጭነው የወጡትን ሰዎች ማለቱ ነው፣ ወይም ልጆቻቸውን።

በሌላ በኩል ግን የሐምራዊው ቤት አሠራር እየሰፋ ሄደ። ዛሬ ኪዊርኩራን ጨምሮ ወደ ሃያ በሚጠጉ ሩቅ መንደሮች እጥበት አለ። ከኖቬምበር 2018 ጀምሮ ደግሞ ሜዲኬር በሩቅ መንደር በነርስ ወይም በነባር ሕዝብ የጤና ሠራተኛ ለሚደረግ እጥበት መክፈል ጀመረ። ከጨረታው 18 ዓመት በኋላ። አይቻልም የተባለው ነገር የመንግሥት ሒሳብ ላይ የራሱ መስመር ያለው ተራ ክፍያ ሆነ።

ሁሉም ሰው ግን መንደሩ ውስጥ ወንበር አያገኝም። ሁኔታው የከበደ ታማሚ ሆስፒታል አጠገብ መቆየት አለበት፣ ወንበሩም ከታማሚው ቁጥር ያንሳል። ለእነዚህ «ሐምራዊው መኪና» የሚባል አለ፤ ውስጡ የእጥበት ወንበሮችና የውሃ ማጣሪያ የተገጠመለት ትልቅ የጭነት መኪና ነው። ለቅሶ ሲኖር፣ የእግር ኳስ ውድድር ሲኖር፣ ወይም አንድ ሽማግሌ አገሬን ልየው ሲል፣ መኪናው ይነሳና ኮረኮንቹን ይዞ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። መንደሩ ዳር ይቆማል። ታማሚው ጠዋት ይታጠባል፣ ከሰዓት በኋላ ከዘመዶቹ ጋር ለቅሶው ላይ ይቀመጣል።